ስድስት ዓመት ያደረ መርዶ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው የባረካን ወሬ ሳይሰማ አይቀርም። ባረካ ከጅቡቲ ተነስታ ወደ ኤደን ስትሄድ የጠፋች የነጋዴዎች መርከብ ናት። መርከብ ስላችሁ የብረት እንዳትመስላችሁ። የባሕር ሰዎች ሳምቡክ የሚሏት፣ በሸራ የምትሄድ የእንጨት መርከብ ነበረች። ወሬው ታዲያ ባረካ ሰጠመች አይልም። በማዕበሉ መሃል ነጭ ሸራ ያላት ሌላ መርከብ መጥታ የነጋዴዎቹን ወኪል ይዛው ሄደች ነው የሚለው። አንዱ ሰውየውን ሆዴይዳ አይቼዋለሁ ይላል፤ ሌላው በርበራ ላይ ሱቅ ከፍቶ ተቀምጧል ይላል። ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅም፣ ጓደኞቼ ጋ ጫት ይዘን በርጫ ላይ ተቀምጬም ይህን ወሬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩን አላውቀውም። በሰማሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ነጭ ሸራ ያላት መርከብ አልነበረችም። የፈጠርኳት እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ልጅነቴን ያሳለፍኩት በረሃው ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ነው። የጨዋታ ጓደኞቼ የአፋር ልጆች ስለነበሩ በአፋርኛ አፌን የፈታሁት ከአማርኛ እኩል ነው። ትምህርቴን ስጨርስ አማርኛ ለማስተማር ድሬዳዋ ተመደብኩ። በገባሁ በወሩ ወባ ጣለኝ። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ስንቀጠቀጥ አግኝቶ ተሸክሞ ቤቱ የወሰደኝ፣ ከዚያ በፊት አይቶኝ የማያውቅ ጀማል የሚባል ሰው ነበር። እናቱ አዴ ፋጡማ ሦስት ሳምንት አስታመመችኝ። ድሬ ላይ እናትን አዴ ነው የሚሏት፤ አንቺ ማለትም ንቀት አይደለም። ስድን፣ “የት ትሄዳለህ? እዚሁ ሁን” አለችኝና መጋላ ሰፈር ባለው ግቢያቸው አንዲት ክፍል ሰጡኝ። በዚያ ግቢ ውስጥ አዴ፣ ጀማል፣ ሚስቱ ሰዓዳና ሁለት ዓመት የሞላት ልጃቸው ኢክራም ነበሩ። እኔ አምስተኛ ሆንኩ።

ጀማል የነጋዴዎች ወኪል ነበር። አሥራ አንድ ነጋዴዎች ሙጫና ቆዳ አዋጥተው ሲልኩ ዕቃውን ተከትሎ ባሕር የሚሻገረው፣ ሸጦ በጨርቅና በቅመም ለውጦ የሚመለሰው እሱ ነው። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ባቡሩ እንደገና መመላለስ በጀመረበት ሰሞን ባረካ ላይ ተሳፍሮ ሄደ። ሦስት ወር አለፈ፤ አልተመለሰም።

ድሬዳዋ ውስጥ ነጋዴዎች ከአባቶቻቸው የወረሱት የዕርቅ ማኅበር ነበራቸው። ዓረቡም፣ ሐረሪውም፣ ሶማሌውም፣ ጉራጌውም፣ አማራውም ሲጣላ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ እዚያ ሽማግሌዎች ፊት ይቀመጣል። ከአብዮቱ በኋላ ቀበሌው ማኅበሩን ዝም ያለው በሁለት ግዴታ ነው፦ ቃለ ጉባኤው በአማርኛ ይያዛል፣ አንድ የቀበሌ ተወካይም ይቀመጣል። ጀማል አማላጅ ሆኖልኝ ጸሐፊ ያደረጉት እኔን ነበር።

የማኅበሩን ሕግ በእጄ ገልብጬዋለሁና አሳምሬ አውቀዋለሁ። ዕቃውን ባሕር ከበላው ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ የሟች ቤተሰብም በማኅበሩ ይጦራል። ወኪሉ ዕቃውን ይዞ ከጠፋ ግን ስሙ ይሰረዛል፤ ከቤተሰቡ ጋር የሚሸጥ የሚገዛ፣ ደጃቸውን የሚረግጥ አባል አይኖርም። ሌላም ሕግ ነበር። ምስክር የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው፤ በተማረው ቋንቋ ሲናገር ቃል እንዳይስት። እስከ ፍርዱም ድረስ ከጸሐፊው በቀር ማንም አያነጋግረውም።

ከአሥራ አንዱ ነጋዴዎች አንዱ አቶ ዘውዴ ጀማልን ከሰሰ። ክፉ ሰው አልነበረም። ያለ የሌለውን የጫነው ባረካ ላይ ነበርና እንቅልፍ አጥቶ ከስቶ ነበር። “ሰጥማ ቢሆን አንድ ሬሳ፣ አንድ ሳንቃ ይወጣ ነበር። ይህ ሰው ሸጦን ሄዷል” አለ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ሐጂ ሙሜ ወደ ጅቡቲ ደብዳቤ ጻፉ። ከሳምንታት በኋላ መልስ መጣ፦ ከባረካ የተረፈ አንድ መርከበኛ ተገኝቷል፤ ሁመድ የሚባል የታጁራ አፋር ነው፤ በባቡር ይመጣል።

ሽማግሌዎቹ ውስጥ አፋርኛ የሚሰማ አልነበረም። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

የጉባኤው ዕለት ጠዋት አዴ ፋጡማ ክፍሌ መጣች። ገብታ አልተቀመጠችም፤ መቃኑን ይዛ ቆመች።

“ግርማ፣ የማኅበሩ አፍ አንተ ነህ አሉኝ።”

“አዎ አዴ።”

“ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ነው ያደርኩት። ያ ሰው ምን እንደሚል አላህ ነው የሚያውቀው። ብቻ ልጄ… ሞተ የምትለዋን ቃል ካንተ አፍ አታሰማኝ። እኔ ያስታመምኩትን አፍ እንዲህ ሲለኝ አልስማው። አላውቅም ካለ አላውቅም በለኝ፤ እጠብቃለሁ። መጠበቅ እችላለሁ።”

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። “እሺ አዴ” ሳልላት አልቀርም።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ቀድሞ የቆዳ መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከተማው ከቀትር እንቅልፉ ሲነሳ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሞልቶ ጠበቀን። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ፣ የቀበሌው ተወካይ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ ከበሩ አጠገብ። አዴ ፋጡማ ሙስባሃዋን፣ የጸሎት መቁጠሪያዋን፣ ይዛለች። ሰዓዳ ኢክራምን አቅፋለች።

ሁመድ ሽርጥ የለበሰ፣ ቀጭን፣ መዳፉ በገመድ የተላጠ ሰው ነበር። በቋንቋው ሰላም ስለው ፊቱ በራ። ከጅቡቲ ከተነሳ ወዲህ ደህና አድርጎ የሚሰማው ሰው አገኘና እጄን ይዞ አልለቅ አለ።

መናገር ጀመረ። እሱ ጥቂት ይልና ያቆማል፤ እኔ እተረጉማለሁ። ከጅቡቲ የወጡበትን ተናገረ፤ ተረጎምኩ። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ነፋሱ እንደተገለበጠ ተናገረ፤ ተረጎምኩ። ምሰሶው ተሰብሮ አለቃቸውን እንደመታው፣ ውኃው መርከቧን እንደሞላት፣ ዕቃው በገመዱ እንደታሰረ ከሷ ጋር እንደሄደ ተናገረ። ይህንንም አንድ ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ። አቶ ዘውዴ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ከዚያ ሁመድ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እኔና ጀማል አንድ ባዶ በርሜል ላይ ተንጠለጠልን። ዋና አይችልም። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ክንዱ ዛለ። በዚያች በተሰባበረች የወደብ ዓረብኛችን ነበር የምናወራው። ‘አንተ ከወጣህ ድሬ ሂድ’ አለኝ። ‘ለነጋዴዎቹ ዕቃችሁን ባሕር ወሰደው፣ ጀማል አንዲት ነገር አልነካባችሁም በላቸው። ለእናቴና ለሰዓዳ ደግሞ አትጠብቁኝ በላቸው።’ ያዝኩት። እጁን ይዤው ነበር። ከዚያ…”

ሁመድ እጁን ዘረጋና የጨበጣቸውን ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታቸው። እንባው ወረደ።

ጀማል መሞቱን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሁመድ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ተሸክሞ ያዳነኝ ሰው ሞቷል፤ እኔ ግን ማልቀስ አልችልም፤ ሁሉም አፌን እያየ ነው። ቀና ስል ዓይኔ አዴ ላይ አረፈ። ሙስባሃዋን አቁማዋለች። ከንፈሯ ተከፍቷል።

“ምን አለ?” አሉ ሐጂ ሙሜ።

“በርሜል ላይ ነበርን አለ። እሱና ጀማል። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል… ማዕበሉ ለያየን አለ።”

“ከዚያስ?”

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ! አላየሁትም ብል ኖሮ ነገሩ እንደተንጠለጠለ ይቀር ይሆናል። ግን የአዴ ፊት ገና አልተፈታም። ትንሽ ልጨምርላት ፈለግሁ።

“አንዲት መርከብ ወደ ጀማል ስትቀርብ አየሁ አለ። ነጭ ሸራ ያላት።”

አዳራሹ ተንጫጫ። አዴ ፋጡማ “አልሐምዱሊላህ!” ብላ ግንባሯን መሬት አስነካች።

ሐጂ ሙሜ እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙና ሁመድን ትክ ብለው አዩት። “ሰውየው ያለቅሳል። ስለ ምንድን ነው የሚያለቅሰው?”

“ስለ ጓደኞቹ ነው፤ ሌሎቹ መርከበኞች አልቀዋል።”

“በእጁ ያሳየን ምልክትስ?”

“ገመዱ አመለጠኝ ነው የሚለው።”

አቶ ዘውዴ ከተቀመጠበት ተነስቶ ነበር። “አቦ ጠይቅልኝ! የማን መርከብ ናት? በማዕበል መሃል ከየት መጣች? ቀጠሮ ነበራቸው ወይ?”

ዞሬ ሁመድን በአፋርኛ፣ “አንተን ማን አወጣህ?” አልኩት።

“የኦቦክ ዓሣ አጥማጆች” አለ።

“የማን እንደሆነች አላውቅም ይላል” አልኳቸው።

እንዲህ ነው የሆነው። ውሸቱ እየቀለለኝ ሄደ። ቃላቱ ራሳቸው ተሰልፈው ይመጡ ነበር። በመጨረሻ የተናገርኩትን ራሴ በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት።

ወደ ማታ ግቢያችን በሰው ተሞላ። ጎረቤቶች እንኳን ደስ ያለሽ እያሉ አዴን ይስሟታል። ሰዓዳ ከሰው መሃል ወጥታ ክፍሌ ደጃፍ መጣች። ያኔ ከሃያ ዓመት ብዙም አትበልጥም።

“ግርማ፣ ጀማል ለኔ ያለው ነገር የለም?”

“በማዕበል መሃል… ለማውራት ጊዜ አልነበራቸውም።”

“ሰውየው እኔን እያየ ነበር ያለቀሰው” አለች። “እጁን እንዲህ ሲፈታ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።” ትንሽ ጠበቀችኝ። ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ አልኩ። ሄደች።

በሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ለፍርድ ተቀመጡ። ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የገባኝ አቶ ዘውዴ መናገር ሲጀምር ነው።

“ያኔ ሌባ ነው ስላችሁ ተቆጣችሁኝ” አለ። “አሁን ምስክሩ ራሱ ሕያው ነው አለላችሁ። ነጭ ሸራ ያላት መርከብ ወስዳዋለች። እሺ፣ ከባሕር የወጣ ሰው አራት ወር ሙሉ አንዲት መስመር ለእናቱ አይጽፍም? ዕቃውስ ሰጠመ ያለን ማነው? የሚጭኑትን ጭነው የቀረውን ያሰጠሙት ቢሆንስ?”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ለእናትየው የሰጠሁት ተስፋ ልጇን ሌባ እያደረገው ነበር።

ሐጂ ሙሜ ወደ እኔ ዞሩ። የማኅበሩ ደንብ ነው፤ ከፍርድ በፊት አስተርጓሚ ይጠየቃል። ቀስ ብለው ነበር የተናገሩት፤ ዛሬ ሳስበው ሆን ብለው መንገድ ሊከፍቱልኝ ይመስለኛል።

“ግርማ ልጄ። የሰው ቃል በእጅህ ነው። ሰው ነህ፣ ከዚህ ቤተሰብ ጋር ትኖራለህ፣ ልትሳሳት ትችላለህ። የተሳሳትክ እንደሆነ አሁን ብትነግረን ማንም አይቆጣህም። ከምስክሩ ቃል ላይ የጨመርከው አለ? የቀነስከውስ?”

አፌን ከፈትኩ። አለ ልል ነበር። ይህን ስል እመኑኝ፤ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያች ቅጽበት የቀበሌው ተወካይ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። ሌላ ምንም አላደረገም። ያን ዘመን የኖረ፣ አንድ ሰው ስምህን ለመጻፍ እስክሪብቶ ሲያወጣ ምን እንደሚከተል ያውቃል። ሐሰተኛ ቃል አስመዘገብክ፣ ጉባኤ አሳሳትክ፣ ማን ላከህ ብባልስ? ከትምህርት ቤታችን ለጥያቄ ተብለው ሄደው ያልተመለሱ ሁለት መምህራን ነበሩ።

“አልጨመርኩም። አልቀነስኩም” አልኩ።

“ማል።”

ማልኩ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ራሴ ነኝ የጻፍኩት፦ ወኪሉ መሞቱ ስላልታወቀ፣ በሕይወት ሳለም አለሁ ብሎ ስላልመጣ፣ መጥቶ እስኪጠየቅ ድረስ ስሙ ከማኅበሩ መዝገብ ተሰርዟል። አዴ ፋጡማ ከበሩ ጋር ሆና፣ “ይሰርዙት! ነፍሱ ትኑርልኝ እንጂ ስሙን ምን አደርገዋለሁ!” ብላ ጮኸች። ሰዓዳ ልጇን አንስታ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁመድን ባቡር ጣቢያ ሸኘሁት። ፍርዱ ምን እንደሆነ አላወቀም፤ በቋንቋው የሚነግረው እኔ ብቻ ነኝ። ሊሳፈር ሲል ትከሻዬን ያዘኝ።

“ወንድሜ፣ ቃሉን ነገርካቸው? አትጠብቁኝ ያለውን?”

“ነገርኳቸው።”

“እናትየው ግን ስትስቅ አየኋት።”

“ሐዘን ነው” አልኩት። “ሐዘን አንዳንዱን እንዲህ ያደርገዋል።”

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። “አራት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ቃሉን ሳላደርስ እሞታለሁ ብዬ ነበር የፈራሁት። አሁን ቀለለኝ” አለና አቅፎኝ አለቀሰ። ባቡሩ ሲሄድ በመስኮት እጁን እያውለበለበልኝ ነበር። ሮጬ አስወርደዋለሁ እያልኩ የመጨረሻው ፉርጎ አለፈኝ።

ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ነገሩ የከፋው እዚህ ነው እል ነበር። ገና ነበር። ወር ሳይሞላ የቀበሌ ሰዎች ግቢያችን መጡ። በጉባኤው ቃል መሠረት ጀማል ውጭ አገር እንዳለ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ አገሩን ጥሎ የኮበለለ ሰው ነው፤ የኮብላይ ቤት ደግሞ ይታሸጋል። ማስረጃው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነበር። አንደኛው ገልጦ ለሰዓዳ ሲያነብላት እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አልጋና ሣጥን ተሸክሜ አወጣሁላቸው። አዴ “አላህ ይስጥህ ልጄ” አለችኝ። ከዚያ ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ ያለች እህቷ ዘንድ ሄዱ፤ እኔ ከዚራ ከአንድ መምህር ጋር ተዳበልኩ።

ሰዓዳ ኋላ አዴንና ኢክራምን ይዛ ተመልሳ ከተማ ውስጥ ጨርቅ መሸጥ ጀመረች። ከማኅበሩ ነጋዴዎች ማንም ዕቃ አይሰጣትም፤ ከሩቅ ነበር የምታመጣው። አንድ ደህና ሰው ሊያገባት ጠይቆ፣ ባልሽ ሞቷል ወይስ አለ ሲባል መልስ ስላልነበራት ቀረ። አዴ ደግሞ የጅቡቲ ባቡር በሚገባበት ቀን ሁሉ ጣቢያ ትቆማለች። እኔ በዚያ መንገድ ማለፍ ተውኩ።

ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ኢክራም ትምህርት ቤት መጥታ “አያቴ ትጠራሃለች” አለችኝ። አዴ በሰዓዳ አንዲት ክፍል ውስጥ ተኝታለች፤ ከአልጋው ጋር አንድ ሆናለች። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

“ግርማ፣ ያቺን መርከብ ደግመህ ንገረኝ።”

ነገርኳት። ሸራዋ እንዴት ነጭ እንደነበረ፣ ሰዎቿ ገመድ እንደወረወሩለት፣ ብርድ ልብስ እንዳለበሱት። ከዚያ በፊት ለማንም ያላልኩትን ሁሉ ጨምሬ ነገርኳት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝና “ብርድ ልብስ” አለች። በማግስቱ ሞተች።

ከቀብሩ በቀጥታ ሐጂ ሙሜ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

“ጠይቄህ ነበር” አሉ።

“አዎ፣ ጠይቀውኝ ነበር።”

“ፈርተህ እንደነበር አይቻለሁ። እኔም ፈርቼ ነው ደግሜ ያልጠየቅሁህ።” ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ለኔ ለምን ትነግረኛለህ? ቃሉ የኔ አይደለም። ባለቤቷ አለች።”

በማግስቱ ያን አዳራሽ አስከፈቱት። ከሽማግሌዎቹ በሕይወት የነበሩት አራት ናቸው። አቶ ዘውዴም መጣ። ሰዓዳ የአማቷን ሐዘን እንደለበሰች ኢክራምን ይዛ ገባች። እኔ መሃል ቆምኩ። ጀማል በዚያን ዕለት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መሞቱን፣ ነጭ ሸራ የሚባል እንዳልነበረ፣ ከነጋዴዎቹ ንብረት አንዲት ነገር እንዳልነካ፣ መሐላዬም የሐሰት እንደነበረ ተናገርኩ። አቶ ዘውዴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በጋቢው ተሸፈነ።

ሰዓዳ አላለቀሰችም።

“ሰውየው ያለውን ንገረኝ” አለች። “መጀመሪያ በአፋርኛው።”

“አይገባሽም፣ ሰዓዳ።”

“ይግባኝ አላልኩም። ሳትነካው ልስማው።”

የሁመድን ቃል እንዳለ በቋንቋው አልኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ፊደል አልጠፋችኝም ነበር። ከዚያ በአማርኛ ደገምኩት። “ለእናቴና ለሰዓዳ አትጠብቁኝ በላቸው” ስል እጇን አንስታ አስቆመችኝ። ሻሿን ፈታች። የጮኸችውን ጩኸት ልጽፈው አልችልም።

አመሻሹ ላይ ደጇ ድንኳን ተተከለ። ሰው የጀማልን ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ያን ሁሉ ዓመት ደጇን ያልረገጡት ነጋዴዎችም አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ነበር። አንዲት ሴት መጥታ ሰዓዳ ትጠራሃለች አለችኝ።

“ግባና ተቀመጥ” አለችኝ። “መርዶ ነጋሪ ውጭ አይቆምም።” ከዚያ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ለአዴ አዝነህ እንደዋሸህ አውቃለሁ። ግን እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር ግርማ። ከሷ ጎን ነበርኩ። አላየኸኝም።”

ይቅር አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም። ሐጂ ሙሜ በማግስቱ መዝገቡን አስመጥተው በሰረዝኩት ስም አጠገብ ንጹሕ ነው ብዬ በእጄ እንድጽፍ አደረጉኝ። ቤቱ ግን አልተመለሰም፤ ሌላ ሰው ገብቶበት ነበር። ለቀበሌው አመለክታለሁ ብል ሰዓዳ “አንተ ከእንግዲህ ስለ እኛ ምንም አትጻፍ” አለችኝ፤ እሺ አልኳት። ያኔ የሰጠሁትን ቃል ይኸው ዛሬ አፍርሼዋለሁ፤ እሷ ካለፈች በኋላ፣ ልጇን አስፈቅጄ ነው።

አንባቢዬ፣ ለብዙ ዓመታት ለራሴ የምነግረው፣ ለአንዲት እናት አዝኜ ነው የሚል ነበር። በመጀመሪያው ቀን እውነት ነው። በሁለተኛው ቀን ግን የማልኩት አዝኜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ፍርሃቴን በርኅራኄዬ ሸፍኜ ስድስት ዓመት ተኛሁበት፤ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ከእናንተ መሃል ለደግ ብላችሁ የሰው ቃል ያስቀራችሁ፣ መርዶ የደበቃችሁ፣ መልእክት ያለሳለሳችሁ ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም። ግን ዞር ብላችሁ እዩ፦ ያዘናችሁለት ሰው አጠገብ ሌላ ሰው ተቀምጦ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ አስተርጉምልን ብለው ብዙ ጊዜ ለምነውኛል፤ ቋንቋውን ረስቼዋለሁ እላለሁ። ሁመድን ፈልጌ ጅቡቲ ድረስ ደብዳቤ ልኬ ነበር፤ መልስ አልመጣም። ቃሉን አድርሻለሁ ብሎ ቀሎት እንደኖረ ነው የማስበው። ያቺን ዕረፍቱን እንኳ አልነካበትም።

በዚያ በለቅሶው ምሽት፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ ኢክራም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስምንት ዓመቷ ነበር።

“ነጯ መርከብ የለችም?” አለችኝ።

“የለችም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።”

አሰበች። “ታዲያ አያቴ ያን ሁሉ ቀን ጣቢያ ስትቆም፣ እኔም እጇን ይዤ ስቆም፣ ማንን ነበር የምንጠብቀው?”

እሷ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። እስካሁን አልመለስኩላትም።